ጫማ ሰፊውና ትሁቱ ደዋይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰዎችን ጽሑፍ እያረምኩ የምኖር መምህር ነኝ። አንድ ሐሙስ ቀን፣ ያረምኩትን ለማተሚያ ቤት አድርሼ ስመለስ፣ እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ጃንጥላ አልያዝኩም። ከፊቴ ያገኘሁት ባለ ሦስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ነበርና እንደ ልጅ ሮጬ ገባሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ መነጽሬን ስጠርግ የቆዳና የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ዞር ብዬ ባይ የጋሽ ልክ ሱቅ ነው! እግር ጥሎኝ ነው እንጂ ወደዚያ መዛወራቸውን እንኳ አልሰማሁም ነበር።

ጋሽ ልክ ጫማ ሰፊ ናቸው። ልጃቸውን አስተምሬዋለሁ፤ ትውውቃችን ከዚያ ይጀምራል። ከቤተሰባቸው ውጭ በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው፣ ደንበኛ ገብቶ የጫማውን ቁጥር ሊነግራቸው ሲጀምር «ቁጥሩን ተወውና እግርህን አምጣ፤ ልኩን እኔው ልየው» ስለሚሉ ነው። ትልቁ ሙያቸው ደግሞ ሁለት እግሩ እኩል ላልሆነ ሰው ጫማ መሥራት ነው። አንዱ እግሩ የሚያጥር፣ በአደጋ ጣቶቹን ያጣ፣ የትም ሱቅ ገብቶ የሚሆነው ጫማ የማያገኝ ሰው ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ልጃቸውና ምራታቸው በኦንላይን መገበያያ ላይ ገጽ ከፍተውላቸው፣ ከሩቅ ከተማ የእግሩን ቅርጽ በወረቀት ላይ አስምሮ የሚልክላቸው ደንበኛ በዝቶ ነበር።

አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ጋሽ ልክ ጠረጴዛቸው ላይ ጎንበስ ብለው የእጅ ስልካቸውን በቁራጭ ቆዳ ይጠቀልላሉ። ጠቅልለው ሲያበቁ በሰም ክር እንደ እሽግ ዕቃ ያስሩት ጀመር። ከመስኮቱ አጠገብ፣ የስፌት መኪናው ጎን፣ ምራታቸው እጇን አጣምራ ቆማለች። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር መረብ ደኅንነት ክፍል ትሠራለች፤ የመሥሪያ ቤቷ መታወቂያ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የምሳ ሰዓቷን ሰውታ መምጣቷን ያልተከፈተው የምሳ ዕቃዋ ይመሰክራል።

«መምህር!» አሉ ጋሽ ልክ ቀና ብለው። «ደግ ሰዓት መጡ። ይግቡ፣ ይግቡ። ይህን ነገር እየገነዝኩት ነውና ለቀብሩ ደርሰዋል።»

«ማን ነው ሟቹ?»

«ስልኬ ነዋ! ከእንግዲህ ኦንላይን የሚባል ገበያ አልወጣም። እግር ያለው ሰው በእግሩ ይምጣ።»

«እግሩ እዚህ የማያደርሰውስ ሰው?» አለች ምራታቸው ከመስኮቱ። «እርስዎ የሚሠሩት እኮ መራመድ ለከበደው ሰው ነው፣ አባባ። እንዴት አድርጎ ይምጣ?»

ጋሽ ልክ ክሩን ጠበቅ አድርገው ቋጠሩ።

እኔም አንዱን በርጩማ ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩና ነገሩን ከሥሩ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ዝናቡ እንደሆነ ቶሎ የሚያባራ አይመስልም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ደወለላቸው። ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የታረመ ነው። «እንደምን አደሩ፣ አባቴ» ብሎ ጀመረ። ከመገበያያው ድርጅት እንደሚደውል፣ አንድ ክፉ ሰው ገጻቸውን በሐሰት እንደከሰሰባቸው፣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተረጋገጠ ገጹ ለዘለዓለም እንደሚዘጋ በታላቅ ሐዘኔታ ነገራቸው። «አሁን በመልእክት ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይደርስዎታል፤ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ፤ ቀሪውን እኔ ልጅዎ እጨርሰዋለሁ» አላቸው። ቁጥሩ መጣ። አነበቡለት። መረቃቸው። እሳቸውም መረቁት! ከአምስት ደቂቃ በኋላ በገዛ ገጻቸው መግባት አቃታቸው።

ሌባው በዚያው ቀን ለደንበኞቻቸው ሁሉ በጋሽ ልክ ስም ጻፈ። «እስከ ነገ ቅድሚያ ለከፈለ ሰው ጫማው በግማሽ ዋጋ» የሚል ነበር ጽሑፉ። በማግስቱ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ አንድ እግሯ ለሚያጥረው ልጇ ጫማ ያዘዘች እናት፣ በቀጥታ ስልካቸው ደወለችና «ጋሼ፣ እርስዎ ደኅና ነዎት ወይ? በሕይወትዎ ዋጋ ቀንሰው አያውቁም እኮ!» አለቻቸው። ጉዱ የፈነዳው ያኔ ነው።

«እሷ በጠባዬ አወቀችኝ» አሉ ጋሽ ልክ። «ግን አንድ የቀድሞ አውቶቡስ ነጂ አለ፣ ቀኝ እግሩ በአደጋ የተጎዳ። እሱ አምኖኝ ከፈለ። በእኔ ስም፣ መምህር! በእኔ ስም ሰው ተዘረፈ!» ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። መደርደሪያው ላይ ፎርማ የሚባሉት የእንጨት እግሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ማንነት በእርሳስ ተጽፏል።

ምራታቸው ነገሩን የሰማችው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እንደሆነ፣ ወዲያው ለባንኩ ደውላ የሌባው ሒሳብ እንዲታገድ እንዳስደረገች፣ ግማሹ ገንዘብ እንደተረፈና ግማሹ እንደወጣ፣ ገጹንም ረቡዕ እንዳስመለሰች አጫወተችኝ።

«ሰኞ ጠዋት ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ነጂው አንድ ሳንቲም ባልጠፋበት» ብላ ጨረሰች።

«እንዴት ልንገርሽ? የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው እንደ ሕፃን ተታለልኩ ልበልሽ?»

እዚህ ላይ ለአንባቢዬ አንድ ነገር ማለት ይገባኛል። አጭበርባሪ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰርቀን። መጀመሪያ ገንዘባችንን፣ ቀጥሎ አንደበታችንን። የተታለለ ሰው አፍሮ ዝም ሲል፣ ሌባው ከዚያ ዝምታ የሚያገኘው ጊዜ ከሰረቀው ገንዘብ ይበልጥበታል። እፍረቱ የሚገባው ለሰረቀው ሆኖ ሳለ ለምን ሁልጊዜ የተሰረቀው እንደሚሸከመው አይገባኝም።

«እሺ፣ መምህር ይፍረዱን» አለች ምራታቸው። «ሱቁ ውስጥ ሌባ ቢገባ፣ አባባ ሱቁን ያፈርሱታል ወይስ ቁልፉን ይቀይራሉ?»

«ሌባ ቢገባማ ቁልፍ እቀይራለሁ!» አሉ ጋሽ ልክ ጠረጴዛውን መታ አድርገው። «እኔ ግን ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ፣ መርቄ፣ በእጁ ነው የሰጠሁት። ለእንደኔ ያለ ሰው ምን ዓይነት ቁልፍ ይሠራለታል?»

ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር፤ አልቻሉም፣ ሳቁ። ምራታቸው ብቻ አልሳቀችም።

«አባባ፣ ያ ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«እኔ በምን ላውቅ!»

«ሰውዬው በርዎ ላይ ቆሞ፣ 'የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ' እያለ ነበር። ድርጅቱ አላመነውም። ስለዚህ ወደ እርስዎ መልእክት ላከ፤ 'በር ላይ አንድ ሰው አለ፣ እርስዎ ከሆኑ ይህን ቁጥር ራስዎ ይጻፉልኝ' ማለቱ ነው። ቁጥሩ የእርስዎ ፊርማ ነበር ማለት ነው። መልእክቱ ሥርም 'ለማንም አይስጡ' ተብሎ ተጽፏል።»

«አላነበብኩትም። ሰውዬው ቶሎ ቶሎ ይለኝ ነበር።»

«ሆን ብሎ ነው የሚያጣድፍዎ። ሊያስቡ ጊዜ ካገኙ ገበያው ይፈርስበታል። እውነተኛ ድርጅት፣ ባንክም ይሁን መገበያያ፣ ደውሎ ኮድ አይጠይቅም፤ የይለፍ ቃልም አይጠይቅም። የሚጠይቅ ከመጣ፣ ስልኩን መዝጋት ነው።»

ጋሽ ልክ ፊታቸው ከበደ። «ይኸውልሽ፣ እዚህ ላይ ነው የማንግባባው» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ብሎኛል። አባቴ ላለኝ ሰው ጆሮው ላይ ስልክ ልዝጋ? ሌባ ቢሆንስ ባይሆንስ? እውነተኛ ሠራተኛ ሆኖ ቢገኝ ምን ይለኛል? ያ ባለጌ ሽማግሌ አይለኝም? እኛ ያደግነው ሰውን መጠርጠር ነውር ነው ተብለን ነው። አሁን በሰባ ዓመቴ፣ የደወለልኝን ሁሉ ሌባ ነህ እያልኩ ልኑር? እንዲህ ሆኜ ከምነግድ ብዘጋው ይሻለኛል።»

እውነት ለመናገር ይህ ንግግራቸው ልቤን ነካው። እኚህ ሰው የተሸነፉት በይሉኝታቸው ነው፤ በሞኝነት ቢሆን ኖሮ ማስተማሩ ቀላል ነበር። ሌባውም ያጠናው ይህንኑ ነው። ሊሰርቅ የመጣው በጨዋ ሰው ጨዋነት በኩል ነበር። ምራታቸውን ስመለከታት ግን እሷም ልትመረመር የሚገባት መሰለኝ።

«አንቺስ፣ ልጄ» አልኳት፣ «ይህን አሁን የነገርሽንን ሁሉ ገጹን ስትከፍቺላቸው ነግረሻቸው ነበር?»

መታወቂያዋን በጣቶቿ ታሽከረክር ጀመር።

«አልነገርኳቸውም» አለች በመጨረሻ። «ሁልጊዜ እቸኩላለሁ። ስልኩን ከእጃቸው እወስድና 'ይስጡኝ አባባ፣ እኔ ላድርገው' እላለሁ። በዚያ ላይ…»

«በዚያ ላይ ምን?»

«የይለፍ ቃሉን የልጄ ስምና የተወለደበት ዓመት አደረግሁት። እንዳይረሱት ብዬ።»

«እኔም እንዳልረሳው ብዬ ጻፍኩት» አሉ ጋሽ ልክ በኩራት፣ ወደ ግድግዳው የቀን መቁጠሪያ እየጠቆሙ። እውነትም በትልልቅ ፊደል፣ ገበያተኛ ሁሉ እንዲያየው ሆኖ ተጽፏል።

አሁን ግን ምራታቸውም አልቻለችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እስክታለቅስ ሳቀች። ጋሽ ልክም የሳቀችበት ነገር ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ጉልበቷን አጥፋ ከፊታቸው ዝቅ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ በሥራ ቦታዬ ለሦስት መቶ ሠራተኛ ይህንን አስተምራለሁ፤ ለገዛ አባቴ ግን አልነገርኩም። የማይገባዎት መስሎኝ አይደለም፤ ችኮላ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂኝ።»

«ደንበኛ መጥቶ 'ቁጥሬ አርባ ሁለት ነው፣ ዝም ብለው ይስፉልኝ' ቢልዎት ይሰፉለታል?»

«ምን ሲደረግ!»

«ለምን? ውሸታም ነው ብለው ነው?»

«ኧረ አይደለም! ሰው ስለ እግሩ የሚያውቀው ትንሽ ነው። አርባ ሁለት ነኝ ያለኝ ስንቱ አርባ አንድ ሆኖ ተገኝቷል።»

«ታዲያ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው 'እግርህን አምጣ' ሲሉት፣ ተቀይሞ የወጣ ሰው አለ?»

«በሃምሳ ዓመት? አንድም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ተጠነቀቁልኝ ይላል።»

«እንግዲያው መለካትና መጠርጠር አንድ አይደሉም ማለት ነው» አለች።

ጋሽ ልክ ወስፌ አንስተው ያለ ምክንያት ይጠርጉት ጀመር። «እሱ እግር ነው» አሉ ኋላ ላይ፣ «ይኼኛው ክብር ነው። አይገናኝም።» ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ ጠንካራ አልነበረም።

እዚህ ላይ ሳለን በሩ ተንኳኳ። ውሃ የሚያንጠባጥብ የፕላስቲክ ካፖርት የለበሰ አንድ ጎልማሳ ሾፌር ብቅ አለ። «አሥር ጥንድ የሥራ ጫማ እንድወስድ ተልኬ ነው» አለ።

ጋሽ ልክ ፊታቸው በራ። በሩ ሥር በሥርዓት የታሰሩ አሥር ካርቶኖች ነበሩ። «ይኸውልሽ!» አሉ ምራታቸውን። «ትናንት በስልክ የተስማማሁት የፋብሪካ ዕቃ ገዥ የላከው ነው፤ ሌላ ድርጅት አሠርቶ የተዋቸውን ጫማዎች ነው የሚወስድልኝ። ይህ የመጨረሻ የስልክ ሽያጬ ነው፤ ሰውም ጨዋ ሰው አጋጠመኝ።»

ወዲያው የቆዳው እሽግ ጠረጴዛው ላይ መንዘርና መጮህ ጀመረ። ጋሽ ልክ ክሩን ለመፍታት ታገሉ፤ ራሳቸው አጥብቀው ስላሰሩት አልፈታ አላቸው። በመቀስ በጠሱት። ድምፅ ማጉያውን ነክተው ኖሮ ንግግሩ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ! ገንዘቡን አሁን አስገብቻለሁ። ደረሰኙን በምስል ልኬልዎታለሁ። ሾፌራችን ዝናብ እየመታው ነው፤ እባክዎ ቶሎ ይጫኑለት።»

ምራታቸው እጇን ወደ ስልኩ ሰነዘረች። «ይስጡኝ አባባ፣ እኔ…» ብላ ጀምራ አቋረጠች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ግድግዳውን ተደገፈች። ጥርሷን ነክሳ መቆሟ ይታየኝ ነበር።

ጋሽ ልክ መነጽራቸውን አድርገው ምስሉን ተመለከቱ። ስማቸው አለ። መጠኑ አለ። ማኅተም የመሰለ ነገርም አለ። ሾፌሩን አዩት፤ ውሃው ከጫማው ጫፍ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን ካርቶን አነሱ።

አንስተውም ቆሙ።

«ልኩን ልየው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

ካርቶኑን አስቀመጡ። በአንድ ጣታቸው፣ እያንዳንዱን ምልክት በከንፈራቸው እያነበቡ፣ የባንካቸውን መተግበሪያ ከፈቱ። ጊዜ ወሰደባቸው። አንድ ጊዜ ተሳስተው ወጥተው እንደገና ገቡ። ማንም አላገዛቸውም። ሒሳቡ ጠዋት እንደነበረው ነው፤ አንድም የገባ ነገር የለም።

«ልጄ» አሉ ወደ ስልኩ፣ በዚያው በለመዱት ትሕትና፣ «ገንዘቡ እኔ ጋ አልደረሰም።»

«ሲስተሙ ዘግይቶ ነው፣ አባቴ። ደረሰኙ እኮ እጅዎ ላይ ነው።»

«ይሁና። እስኪደርስ አብረን እንጠብቃለን። ሾፌሩ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሻይ አፈላለታለሁ።»

«አባቴ፣ ፋብሪካው እየጠበቀ ነው! አያምኑኝም ማለት ነው? ለዚህች ትንሽ ነገር ያሳፍሩኛል?»

የጋሽ ልክ ፊት ሲቀላ አየሁ። ያችን የይሉኝታ ሥር ነካት።

«ልጄ፣ አንተን ጠርጥሬ አይደለም» አሉ። «ያላየሁትን እግር ጫማ አልሰፋም፤ ያልገባ ገንዘብም ዕቃ አያስወጣም። የቤቴ ደንብ ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው።»

ከወዲያ በኩል ያ ለስላሳ ድምፅ እንደ ምላጭ ተሳለ። «አንተ የማትረባ ሽማግሌ!…» ብሎ የማልጽፈውን ስድብ አከታትሎ ስልኩን ዘጋው።

ጋሽ ልክ ስልኩን ዓይናቸው ፊት ይዘው ቆዩ። ይናደዳሉ ብዬ ስጠብቅ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ነበር!

«መምህር፣ ሰምተዋል? እርስዎ የሰዋስው ሰው ነዎት። ከ'እርስዎ' ወደ 'አንተ' ለመድረስ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም!»

«በማስተማር ዘመኔ እንዲህ ፈጥኖ የተለወጠ ተውላጠ ስም አላየሁም» አልኳቸው።

ምራታቸው ዘላ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሾፌሩ፣ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «ቆዩማ» አለ። ገርጥቶ ነበር። «እኔንም የቀጠረኝ በስልክ ነው። ስለ ፋብሪካ አልነገረኝም፤ 'መንገድ ዳር አንድ ሰው ይቀበልሃል' ነው ያለኝ። ባለፈው ሳምንትም በዚሁ ድምፅ ከአንድ የጨርቅ መደብር ጭኜለታለሁ። እኔን ሌባ ሊያሰኘኝ ነው እንዴ?»

«ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ» አሉ ጋሽ ልክ። «አንተም እንደኔው ነህ።» እውነትም ሻይ አፈሉለት። ሻዩን ከጠጣን በኋላ ምራታቸው ሾፌሩን አስከትላ፣ የስልክ ቁጥሩንና ያንን የሐሰት ደረሰኝ ይዛ፣ መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ ቀጥሎም ባንኩ ዘንድ አመለከተች። የጨርቅ መደብሩ ባለቤትም ኋላ ተገኝቶ ሾፌሩ መሣሪያ እንደተደረገ መስክሮለታል።

ተመልሳም ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ቀሪውን ቀን ሱቁ ውስጥ ዋለች። ስልኩን ግን አንድም ጊዜ ከእጃቸው አልወሰደችም። እየጠየቀች፣ እያስነካች፣ ሲሳሳቱም እየጠበቀች አስተማረቻቸው።

«የይለፍ ቃሉ ረጅም ይሁን» አለቻቸው። «የልጅ ስም፣ የልደት ዓመት አይሆንም። እርስዎ ብቻ የሚያውቁትን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት። ለባንኩ ሌላ፣ ለገጹ ሌላ። ለእኔም አይንገሩኝ።»

«ለአንቺም?»

«ለእኔም፣ ለልጅዎም።»

ጋሽ ልክ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ እንደ ተማሪ ስልኩን በክንዳቸው ከልለው፣ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ጽፈው ሲያበቁ ብቻቸውን ፈገግ አሉ። ምን እንደጻፉ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቀን መቁጠሪያውንም ገጽ ቀድደው ጣሉት። ከዚያ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲጠይቅ አደረጉት፤ «ሁለት መቀርቀሪያ ያለው በር» ብለው ወዲያው ስም አወጡለት። በመልእክት የሚመጣን ሊንክ ሳይነኩ ማለፍን፣ ከገጹ ውጭ እንነጋገር የሚል ገዥን መጠንቀቅን፣ የላኪው ስም የሚታወቅ ቢመስልም አንዲት ፊደል ተለውጣ እንደሆነ መፈተሽን ተማሩ። ፊደል ፍተሻው የእኔ ሙያ ስለሆነ እሱን እኔ አስተማርኳቸው።

ለገጻቸው የሚሆን ማስታወቂያም አርቅቄ ሰጠኋቸው። ጽሑፌን አነበቡና «ረዘመ» ብለው ራሳቸው አሳጠሩት። እንዲህ ይላል፦ «ደንበኞቼ ሆይ፣ ቅድሚያ ክፍያ በመልእክት አልጠይቅም። ዋጋም አልቀንስም። ሌላ ቢነገራችሁ እኔ አይደለሁም፤ በቀጥታ ደውሉልኝ።»

ያም ሆኖ ከመለያየታችን በፊት ያቺ ጭንቀታቸው ተመልሳ መጣች። «ደንበኞቼ ይሸሹኝ ይሆን?» አሉ።

«እናያለን» አለች ምራታቸው።

አየን። ያች ልብስ ሰፊ ማስታወቂያውን ባነበበች በሰዓቱ ለምታውቃቸው ሁሉ አዛመተችው። ሰው የሚፈልገው እምነት የሚጣልበት ገበያ ኖሮ፣ «እኚህ ሰውዬ ጠንቃቃ ናቸው» እየተባለ ትእዛዙ በወር ውስጥ ከቀድሞው በለጠ። ለአውቶቡስ ነጂው ጋሽ ልክ ራሳቸው ደውለው የሆነውን ሳይሸሽጉ ነገሩት፤ የወጣውን ግማሽ ከኪሳቸው ችለው ጫማውን ሰፉለት። ሰውዬውም ጫማውን አድርጎ፣ ቆሞ የተነሣውን ፎቶ ላከላቸው፤ ሁለት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹንም አመጣላቸው። ምራታቸውም በየሳምንቱ ቅዳሜ የሕንፃው ነጋዴዎች፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ፎቶ አንሺዋ፣ የሕፃናት መጫወቻ ሻጩ፣ ጫማ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው እንዲማሩ አደረገች። ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ ግን አስተማሪው ጋሽ ልክ ሆኑ። ስለ ትሁቱ ደዋይ ሲያወሩ ድምፁን አስመስለው ስለሚያወጡት ሰው ሳቁን እየተቆጣጠረ ነው የሚማረው። ደግሞም ሁሌ የሚጀምሩት ከእፍረታቸው ነው፦ «እኔ ቁልፌን መርቄ የሰጠሁ ሰው ነኝ፤ እናንተም የደረሰባችሁን አትደብቁ፣ በዕለቱ ተናገሩ።»

እኔም ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ጥንቃቄ ጨዋነትን አያስቀርም። ጋሽ ልክ አሁንም ለደወለ ሁሉ «ልጄ» ይላሉ፣ አሁንም ይመርቃሉ። የተለወጠው ነገር ቢኖር ከምርቃቱ በፊት መለካታቸው ነው። ከተታለሉ ወዲህ የነበረባቸው ፍርሃት አሁን የለባቸውም። እንቅልፋቸው ተመልሷል፣ ደንበኛቸው በዝቷል፣ ከምራታቸውም ጋር እንደ ጓደኛ ይጫወታሉ። ወጣቷም ብትሆን ማወቅ ብቻ እንደማይበቃ፣ የሚያውቁትን ታግሦ ማካፈል እንደሚያስፈልግ ተምራለች። በኦንላይን መነገድ የሚፈራ ሁሉ ገበያውን ከመዝጋቱ በፊት በሩን እንዴት እንደሚዘጋ ይማር ዘንድ እመክራለሁ።

ትምህርቱ ምን ያህል እንደሰመረ ግን በራሴ ላይ ደርሶ ነው ያረጋገጥኩት።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ተበላሽቶ አዲስ ቁጥር አወጣሁ። ለባለቤቴ በድብቅ ጫማ ላሠራላት አስቤ፣ በረንዳ ላይ ወጥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ለጋሽ ልክ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ እኔ መምህሩ ነኝ። ለባለቤቴ አንድ ጥንድ ጫማ…»

«መምህሩ?» አሉ። «ይህ ቁጥር የመምህሩ አይደለም፣ ልጄ።»

«አዲስ ቁጥር አውጥቼ ነው። ድምፄን አያውቁትም እንዴ?»

«ድምፅማ ምን አለበት፣ የሚመስል ሞልቷል። ደግሞ ለምንድን ነው የምታንሾካሹከው? ለማንኛውም እግዜር ይባርክህ፤ ላጣራ» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት!

አፌን ከፍቼ ስልኩን እያየሁ ሳለ ከሳሎን የቤታችን ስልክ ጮኸ። ባለቤቴ አነሳችው። ትንሽ ቆይታ በበረንዳው በር ብቅ አለች፤ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች።

«ጋሽ ልክ ናቸው» አለች። «አንድ አጭበርባሪ በስምህ ተነሥቶ ለእኔ ጫማ ሊያሠራ ነው፣ ተጠንቀቁ እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

ያዘጋጀሁትን ድንገተኛ ስጦታ እዚያው ላይ ውሃ በላው። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሌባ ተብዬ በመጠርጠሬ ኮርቼ አላውቅም።

«አጭበርባሪው እኔ ነኝ በያቸው» አልኳት። «ቀለሙን ደግሞ አንቺው ንገሪያቸው።»